የጠፋው የመቀነስ ምልክት፦ ለአማርኛ መጽሐፍ የሒሳብ ፎንት ፍለጋ

ኅዳር 1፣ ሰኞ

ነገሩ የተጀመረው በፎቶ ኮፒ ነው።

አንድ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር አሉ። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። አራት ኪሎ አካባቢ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ልጆች ያስጠናሉ። ሒሳብ የሚማሩት በእንግሊዝኛ ስለሆነ ልጆቹ ቀመሩን ይሸመድዱታል እንጂ ምን እንደሚል አይገባቸውም ይላሉ። ስለዚህ አጋዥ መጽሐፍ ጻፉ። ማብራሪያው አማርኛ፣ ምልክቱ ግን ልጆቹ ክፍል ውስጥ የሚያዩት። የጻፉት በእጃቸው ነው፣ በስድስት ደብተር። ያንን በላቴክ፣ ማለትም የመጽሐፍ ገጽ በሚያቀናብር ፕሮግራም፣ ለቅሜ ገጹን የማዘጋጀው እኔ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያውን ምዕራፍ አትሜ ሰጠኋቸው። እሳቸው ለልጆቹ አባዙት። አንዱ ልጅ ደግሞ የራሱን ለጓደኛው አባዛለት። ዛሬ ጋሼ ያንን የኮፒ ኮፒ ይዘው መጡ። ገና ሳይቀመጡ «እስቲ 4ኛውን ጥያቄ ሥራልኝ» አሉኝ።

አየሁት። 2 ወጣልኝ።

«መልሱ ስንት ነበር?»

ኦሪጅናሉን ከፈትኩ። −2 ይላል። ጥያቄው ውስጥ የነበረው የመቀነስ ምልክት ኮፒው ላይ የለም። ፈዞ ሳይሆን ጭራሽ ጠፍቶ። ፊደሉ ግን አለ። «ሀ» እንደ ግንድ ደምቆ ቆሟል፣ ከጎኑ ያለው ቀመር ጥላ ይመስላል።

«ልጁ ተሳስቶ አይደለም» አሉ ጋሼ። «የሰጠሁትን ነው የሠራው። ያጠፋኸው አንተ ነህ።»

ቡና አፍልቼ ለማለዘብ ሞከርኩ። አልለዘቡም። ግን ልክ ናቸው። ለአማርኛው ፎንት ሁለት ቀን ሙሉ ስመርጥ ለሒሳቡ ግን አንድ ደቂቃ አልሰጠሁትም። ላቴክ የሰጠኝን ተቀብዬ ነው ያለፍኩት። ከዛሬ ጀምሮ የማደርገውን እዚህ እጽፋለሁ፤ ሌላም ሰው ይሄ ጣጣ ይገጥመው ይሆናል።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

መጀመሪያ በሽታውን ማወቅ።

ላቴክ ምንም ካልነገሩት ሒሳቡን የሚያወጣው በኮምፒውተር ሞደርን ነው። እኔ የምሠራበት ዚላቴክ (የላቴክ አንዱ ዓይነት) ከዩኒኮድ ማዝ (የሒሳብ ፎንት የሚያስገባ ጥቅል) ጋር ደግሞ ላቲን ሞደርን የሚባለውን የዚያኑ ልጅ ይወስዳል። ኮምፒውተር ሞደርንን የሠሩት አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ ዶናልድ ክኑዝ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1977 የመጽሐፋቸው አዲስ እትም ማረሚያ ደረሳቸው። ገጹ አስጠላቸው። ተናደው ራሳቸው የማቀናበሪያ ፕሮግራም ጻፉ፣ ቴክን ማለት ነው፤ ፎንቱንም አብረው ሠሩለት። የፎንቱ መነሻ ሞኖታይፕ ሞደርን 8ኤ የሚባል የድሮ የብረት ፊደል ነው። ብረት ወረቀቱን ሲጫነው ቀለሙ ትንሽ ስለሚሰፋ ቀጭኑ መስመር ይወፍራል። በሌዘር ማተሚያ ግን የተሳለው ያው ቀጭን እንደሆነ ይወጣል። በ10 ነጥብ ጽሑፍ (ነጥብ የፊደል መጠን መለኪያ ነው) የክፍልፋይ መስመሩ ውፍረት 0.4 ነጥብ ነው። ያ ጭረት አንዴ ኮፒ ሲደረግ ይሳሳል፣ ሁለቴ ሲደረግ አምላክ ያውቃል።

የኛ ፊደል ደግሞ ሌላ ዘር ነው። በመቃ ብዕር ብራና ላይ የተጻፈ ፊደል ልጅ ነው። ቋሚው ወፍራም፣ አግዳሚው ቀጠን ያለ፤ ቀጭኑ ራሱ ግን ሥጋ አለው። ሁለቱን አንድ መስመር ላይ ስታስቀምጣቸው ጋቢ የለበሰ ሰውና በሸሚዝ ብቻ የወጣ ሰው በኅዳር ብርድ አብረው የቆሙ ይመስላሉ።

«ታዲያ ለምን የአማርኛውን ፎንት ራሱን ለሒሳቡ አትጠቀምም?» አለችኝ እህቴ ከትከሻዬ በላይ እያየች። ደህና ጥያቄ ነው። መልሱ፣ የሒሳብ ፎንት የፊደል ስብስብ ብቻ ስላልሆነ ነው። ቅንፉ እንደ ይዘቱ ማደግ አለበት። የስኩዌር ሩት ምልክቱ ረጅም ክፍልፋይ ከገባበት መዘርጋት አለበት። አርቢው፣ ከራስጌ የምትቀመጠው ቁጥር፣ ትንሽ ነው፤ የአርቢው አርቢ ከዚያም ያንሳል። በላቴክ ልማድ 10፣ 7 እና 5 ነጥብ ነው። ይሄ ሁሉ መረጃ ፎንቱ ውስጥ የሒሳብ ሰንጠረዥ ሆኖ ይቀመጣል። አሠራሩን ያመጣው ማይክሮሶፍት ነው፣ ከኦፊስ 2007 ጋር ከወጣው ካምብሪያ ማዝ ጋር። ከዚያ ወዲህ ይሄ ሰንጠረዥ ያላቸው ፎንቶች በዝተዋል ቢባልም፣ ከተራው ፎንት ብዛት ጋር ሲተያዩ እፍኝ አይሞሉም።

ስለዚህ አዲስ አልሠራም። ካሉት መምረጥ ነው።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

ትናንት ቀኑን ሙሉ መብራት አልነበረም። ዛሬ ከሰዓት መጣ።

ከሒሳቡ በፊት የጽሑፉን ፎንት መቁረጥ ነበረብኝ። ሁለት ዕጩ አለ። አንዱ አቢሲኒካ ነው። የብራናውን አጻጻፍ የተከተለ፣ ለዓይን የሚታወቅ ፊደል። ችግሩ አንድ ውፍረት ብቻ መሆኑ ነው፣ ደማቅ የለውም። ሁለተኛው ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ነው። እሱ ከቀጭኑ እስከ ጥቁሩ 9 ውፍረት አለው።

እዚህ ላይ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፣ በራሴም ኮራሁ። ሁሉም ሰው የሚለው «ጽሑፉን ምረጥ፣ ከዚያ የሚመስለውን ሒሳብ ፈልግለት» ነው። ግን ኖቶ 9 ውፍረት ካለው ነገሩን መገልበጥ ይቻላል። ሒሳቡ ባለበት ይቁም፣ ጽሑፉ ክብደቱን ቀንሶ ወደ እሱ ይሂድ! ከመደበኛው አንድ ደረጃ ቀለል ያለውን አድርጌ አንድ ገጽ አወጣሁ። ከላቲን ሞደርን ጋር እንዴት ያምራል መሰላችሁ።

ገጹን ለጋሼ ወሰድኩ። መነጽራቸውን አደረጉ። አወለቁ። መልሰው አደረጉ።

«ይሄ ፊደል ታሟል እንዴ?»

ስክሪን ላይ ያማረው ወረቀት ላይ ከስቷል። ደግሞስ የመቀነስ ምልክቱ እንደሆነ አልወፈረ። እኔ ያደረግሁት የታመመውን ከማዳን ጤነኛውን ከጎኑ ማስተኛት ነው። ጋሼ ከመደርደሪያቸው አንድ ያረጀ መጽሐፍ አወጡ። ብርሃንና ሰላም የታተመ ነው፣ እዚሁ እኛው ሰፈር። ማተሚያ ቤቱ ከ1914 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ጋሼ ማንበብ የለመዱት በዚያ ፊደል ነው። «እንደዚህ አድርግልኝ» አሉ። ያ ማለት አቢሲኒካ ማለት ነው። ለርዕሶቹ ደማቅ ስለሌለው መጠን ከፍ አድርጌ፣ ከላይና ከታች ሰፋ ያለ ቦታ እተዋለሁ። በኮምፒውተር በግድ ማወፈር ይቻላል፤ ግን የ«ጨ»ና የ«ጬ» ዓይን ይደፈናል። አልነካውም።

የጽሑፉ ፎንት ተዘጋ።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ዛሬ ዋናው ሥራ። ያንኑ ገጽ በአምስት የሒሳብ ፎንት አወጣሁ። ገጹ ላይ ሆን ብዬ ክፉ ክፉውን ነው የሰበሰብኩት፦ የካሬ እኩልታ ቀመር፣ ክፍልፋይ በክፍልፋይ ውስጥ፣ ፓይና ሲግማ፣ ብዙ አሉታዊ ቁጥር፣ ትንሹ ኤል ከ1 አጠገብ፣ ትንሹ ቪ ከግሪኩ ኑ አጠገብ።

የቀረቡት እነዚህ ናቸው። ላቲን ሞደርን፣ ለንጽጽር ያህል። ስቲክስ ቱ፣ ታይምስን የሚመስለው፣ የሳይንስ አሳታሚዎች ተባብረው ያሠሩት። ቴክ ጋይር ስኮላ፣ መነሻው ሴንቸሪ ስኩልቡክ፣ ስሙ እንደሚለው ለመማሪያ መጽሐፍ የተሳለ። ቴክ ጋይር ፓጄላ፣ መነሻው የኸርማን ሳፍ ፓላቲኖ። ሊበርቲነስም አለ። ኒው ኮምፒውተር ሞደርን የሚባል የክኑዝን ፊደል ትንሽ ያወፈረ ቡክ የሚባል ዓይነት ያለውም አለ፣ እሱን በኋላ እደርስበታለሁ ብዬ ረሳሁት።

መጠን ማስተካከሉ ላይ ቀኑ አለቀ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እዚህ ጋ ነው ከውጭ የሚመጣው ምክር ሁሉ የሚከዳን።

በላቲን ዓለም ሕጉ ግልጽ ነው። ሁለት ፎንት ስታጋባ የትንሹን ኤክስ ቁመት አስተካክል። ላቴክ ውስጥ ፎንት የሚጠራው ጥቅል፣ ፎንትስፔክ፣ ራሱ ይሄን የሚሠራ ትእዛዝ አለው፦ «በትንሹ ፊደል አስተካክል» ትለዋለህ፣ ያስተካክላል። እኔም አልኩት። አስተካከለ። ሒሳቡ ድንክ ሆኖ ወጣ።

ለምን? ትእዛዙ የሚለካው አቢሲኒካ ውስጥ ያለውን የላቲን ትንሽ ኤክስ ነው። እኔ ገጹ ላይ አንድም የላቲን ቃል የለኝም! የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ብሎ ነገር አያውቅም። «ሀ» ትንሽ አይደለም፣ ትልቅም አይደለም፣ «ሀ» ነው። ቁመቱን ካየነው ግን ወደ ላቲኑ ትልቅ ፊደል ይጠጋል። ኮምፒውተር ሞደርን በ10 ነጥብ ትልቁ ፊደል 6.8 ነጥብ፣ ትንሹ 4.3 ነጥብ ይቆማል። እና «ሀ፣ ለ፣ መ» ብለህ በረጃጅሙ መጥተህ መሐል ላይ 4.3 ነጥብ የሆነ ኤክስ ሲገጥምህ፣ ጉድጓድ የገባህ ይመስልሃል።

ከዚያ «በትልቁ ፊደል አስተካክል» አልኩት። ተሻለ። ግን ይሄም የሚለካው የፎንቱን የላቲን ትልቅ ፊደል እንጂ የኔን «መ» አይደለም። በመጨረሻ ትእዛዙን ተውኩት። ማክሮ የለ ምን የለ፤ ገጹን አትሜ፣ ግድግዳ ላይ ለጥፌ፣ በሩ ጋ ቆሜ ዓይኔን ጨፈን ከፈት። የሚጎድለው ቦታ ነጭ ሆኖ ይታያል። አንድ አንድ ከመቶ እየጨመርኩ ደጋግሜ አተምኩ።

በዚህ ዓይን ስንመለከት የትንሹ ኤክስ ቁመት አሁንም ለውጥ ያመጣል፣ ግን በሌላ ምክንያት። ትንሹ ፊደሉ ከትልቁ አንጻር ረጅም የሆነ ፎንት ጉድጓዱን ይሞላል። ፓላቲኖ ትንሹ ከትልቁ 68 ከመቶ ያህል ነው፤ ኮምፒውተር ሞደርን 63 ያህል። አምስት ከመቶ ምን አላት ትሉ ይሆናል። ገጽ ሙሉ ሲሆን አላት።

ውጤቱ፦ ላቲን ሞደርን ወጣ፣ ስሙን አታንሱብኝ። ስቲክስ ጎበዝ ነው፣ የሌለው ምልክት የለም፤ ግን ጠበብ ያለ ነው፣ የኛ ፊደል ደግሞ ሰፋ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ሊበርቲነስ ደህና፣ ግን አላናገረኝም። ስኮላና ፓጄላ ቀሩ። ስኮላ ጠንካራ ነው፣ ለኮፒ የተፈጠረ ይመስላል። ፓጄላ ደግሞ ብዕር ያውቃል። ሳፍ የእጅ ጽሑፍ ሰው ነበር፤ ፓላቲኖን የሳለው በሰፊ አፍ ብዕር ልማድ ነው። ወፍራሙ ወደ ቀጭኑ የሚያልፈው እጅ እንደሚዞረው ነው። የመቃ ብዕር ዘመድ ማለት አይደለም እንዴ?

ዘመድ ከባዳ ይሻላል ብዬ ፓጄላን ያዝኩ። ለጊዜው።

ኅዳር 7፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ትንሽ ሥራ። አሃዝ።

አንድ ገጽ ላይ «በ5 ሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ» ይላል። ከሥሩ ደግሞ ቀመሩ ውስጥ 300 ሲካፈል ለ5 አለ። የላይኛው 5 የአቢሲኒካ ነው፣ የታችኛው የፓጄላ። አይመሳሰሉም። ልጁ ያንኑ ቁጥር ነው ከላይ ወደ ታች የሚያወርደው፤ ለምን መልኩ ይቀየርበታል?

ዩኒኮድ ማዝ «ቁጥሮቹን ብቻ ከሌላ ፎንት ውሰድ» የሚባል ነገር ስለሚፈቅድ የአቢሲኒካን አሃዝ ወደ ቀመሩ አስገባሁ። ከላይ ከታች አንድ ሆነ። ግን አሁን 2 እና አጠገቡ ያለው ኤክስ ተኳረፉ። ጸቡን ከሰፈር አውጥቼ ቤት ውስጥ አስገባሁት ማለት ነው።

ገለበጥኩት። ቀመሩን ሳልነካ የጽሑፉን አሃዝና ቅንፍ ወደ ፓጄላ አመጣሁ። ዚላቴክ የፊደሉን ዓይነት እያየ ፎንት እንዲቀይር ማድረግ ይቻላል፤ ግእዝ ሲያይ አቢሲኒካ፣ ሌላ ሲያይ ፓጄላ። ሠራ። 5 ሁሉ አንድ 5 ሆነ።

የኛን ፩፣ ፪፣ ፫ ለምዕራፍ ቁጥር አስቀርቻቸዋለሁ። ከላይና ከታች ሰረዝ ስላላቸው ገጹ አናት ላይ ግርማ አላቸው። ለስሌት አይሆኑም፣ ዜሮም የለባቸው።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ዛሬ ሁለት ጉድ።

አንደኛው፦ ጋሼ «ትርፍ = ገቢ − ወጪ» ብለው የጻፉት ቦታ ላይ የታተመው «= −» ብቻ ነው። ቃላቱ የሉም። ከሞከርኳቸው የሒሳብ ፎንቶች አንዱም የኛ ፊደል የለውም። ቀመር ውስጥ በቀጥታ ስትጽፈው ፕሮግራሙ ባዶ ጥሎ ያልፋል። ፕሮግራሙ ሥራውን የሚመዘግብበትን ሎግ ፋይል ስታነብ ነው «ይሄ ፊደል በዚህ ፎንት የለም» የሚል መስመር የምታገኘው። ማን ያነባል? መድኃኒቱ ቃሉን ቀመር ውስጥ በጽሑፍ ትእዛዝ መጠቅለል ነው፣ ያኔ የጽሑፉን ፎንት ይወስዳል። ደግሞም የጎደለ ፊደል ሲያይ ስህተት ብሎ እንዲቆም አደረግሁት፤ አዳዲሶቹ እትሞች ላይ ማስጠንቀቂያውን 3 ላይ ስታደርገው ይቆማል። ወዲያው ሌላ 11 ቦታ ያዘልኝ። ሊታተም ነበር እኮ!

ሁለተኛው የበለጠ ያስቃል። ጋሼ የድሮ ሰው ስለሆኑ ወደርን የሚጽፉት በድሮው ምልክት ነው፦

3 ∶ 2 ∷ 6 ∶ 4

«ሦስት ለሁለት፣ እንደ ስድስት ለአራት» ማለት ነው። አሁን ይሄን አማርኛ ገጽ ላይ አድርጉት። ∷ በዓይን አራት ነጥብ ነው። ∶ ደግሞ የቃል መለያው ሁለት ነጥብ። እህቴ እንድታነበው ሰጠኋት። «ሦስት ለሁለት። ስድስት ለአራት» ብላ በሁለት ዓረፍተ ነገር አነበበችው። ልክ ናት! የትኛውንም የሒሳብ ፎንት ብመርጥ ይሄን አያድነኝም፤ ፊደላችን ነጥቦቹን ቀድሞ ይዟቸዋል።

ለጋሼ ደወልኩ። ∷ ይቅርና እኩል ይሁን አልኩ። «አስተማሪዬ ያስተማረኝ ነበር» አሉ። ትንሽ ዝም አሉ። «ይቅር።»

አብሮ የተወሰነ ነገር፦ ለብቻው መስመር የያዘ ቀመር መጨረሻ ላይ አራት ነጥብ አላደርግም። ከቁጥር ጎን ሲቆም ሌላ ምልክት ይመስላል። ዓረፍተ ነገሩ መሐል ላለው ቀመር ግን ቀጭን ክፍተት ትቼ አደርጋለሁ። የሰዋስው ሰው ይቆጣ ይሆናል፣ ይቆጣ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ኅዳር ሲታጠን። ጠዋት ሰፈሩ በሙሉ ጭስ ነው፣ መስኮት መክፈት አይቻልም። ዓይኔ እያለቀሰ ነው የሠራሁት።

ያንን «ትርፍ = ገቢ − ወጪ» ጠቅልዬው ከወጣ በኋላም አንድ ነገር ይረብሸኝ ነበር። የእኩል ምልክቱ ወደ ታች የወረደ ይመስላል። ፎንቱን ተጠራጠርኩ። ስህተት የለበትም። እኩል፣ መደመር፣ መቀነስና የክፍልፋይ መስመር ሁሉም የሚሰለፉበት አንድ ከፍታ አለ፤ በኮምፒውተር ሞደርን በ10 ነጥብ ጽሑፍ 2.5 ነጥብ ነው። ለትንሹ ኤክስ ወገቡ ላይ ነው። ለኛ ፊደል ግን ወገብ ከዚያ አንድ ነጥብ ገደማ ከፍ ይላል። ስለዚህ ምልክቱ «ገቢ»ን በጉልበቱ ይዞታል።

ምልክቱን ማንሳት ይቻላል፤ ግን ያኔ የኤክስና የዋይ ቀመሩ ይበላሻል። እኔ ያደረግሁት ቀመር ውስጥ የሚገባውን አማርኛ ወደ 88 ከመቶ ማሳነስ ነው። ወገቡ ትንሽ ወረደ። ሙሉ በሙሉ አልተስተካከለም። ካልነገርኳችሁ አታዩትም፣ አሁን ግን ነገርኳችሁ።

ኅዳር 15፣ ሰኞ

ሥራው አልቋል ብዬ ነበር። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ አንድ ጥያቄ መጣብኝ፣ እንቅልፍ ነሳኝ።

በሒሳብ ተለዋዋጩ ለምንድን ነው የሚያዘነብለው? አንዱ ጥቅሙ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ መሐል «ኤ» የሚለው ቃል ከ«ኤ» ተለዋዋጩ እንዲለይ ነው። ቃሉ ቀጥ፣ ተለዋዋጩ ዘንበል። በአማርኛ ገጽ ግን ላቲን የሆነው ሁሉ ተለዋዋጭ ነው! ፊደሉ ራሱ ለይቶታል። ማዘንበሉ ለኛ ምን ይሠራል? ፊደላችን ያዘነበለ ወግ የለውም፤ ሁሉም ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። አጠገቡ የሚያዘነብል ነገር ለምን?

ከአልጋ ተነስቼ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ቀጥ ብሎ የቆመ የሒሳብ ፎንት አለ፣ ዩለር ይባላል። ያሠራው የአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ነው፣ የሳለው ያው ፓላቲኖን የሳለው ኸርማን ሳፍ ነው። ሐሳቡ የእጅ ጽሑፉ የሚያምር የሒሳብ ሊቅ ሰሌዳ ላይ እንደሚጽፈው ይሁን ነው። ዜሮው እንኳ አናቱ ሾል ይላል። ከአቢሲኒካ ጋር አወጣሁት።

እናንተዬ። ሁለት ብዕር አንድ ብራና ላይ። አምስቱንም ዕጩ የሚያስረሳ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ብቻዬን «ይኸው!» ብዬ ጮህኩ።

ጠዋት ወደ ጋሼ በረርኩ። ፊታቸው በራ። «ይሄማ የኔ የእጅ ጽሑፍ ነው» አሉና ኖራ አንስተው ሰሌዳቸው ላይ ጻፉት፣ እውነትም ይመስላል። ሁለታችንም ተስማማን። ሊያጠኑ የመጡት ልጆች በሩ ላይ ስለነበሩ «እስቲ ይሥሩት» ብለው ገጹን ለአንዷ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሰጧት።

ልጅቷ እርሳሷን ይዛ ቆመች።

«ጋሼ፣ ይሄ ኤክስ ነው ወይስ ማባዛት?»

ገጹ ላይ የማባዛት ምልክቱም ቀጥ ያለ መስቀለኛ ነው፣ ኤክሱም አሁን ቀጥ ብሏል። ለኔና ለጋሼ ልዩነቱ ግልጽ ነው። ለሷ አይደለም። ማባዛትን ሁሌ በነጥብ ወይም ያለ ምልክት እስክትጽፍ ድረስ ሁለቱ አንድ ገጽ ላይ ይኖራሉ። የሚያዘነብለው ኤክስ ደግሞ እግሩ ስለሚጎብጥ ማንም አያሳስተውም። በዚያ ላይ የትምህርት ቤት መጽሐፏም ፈተናዋም ላይ የሚመጣው የሚያዘነብለው ነው።

ጋሼ ገጹን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «ይሄን ለኔ ተወው» አሉኝ። መጽሐፉ ወደ ፓጄላ ተመለሰ።

ለምን ማዘንበል ያስፈልጋል ብዬ ሌሊት ላነሳሁት ጥያቄ ጥሩ መልስ ነው ያገኘሁት። ትንሽ ግን ከፋኝ፣ አልዋሽም።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ

የኮፒ ፈተና።

አሁን የተቆረጠው ይሄ ነው፦ ጽሑፉ አቢሲኒካ 11 ነጥብ። ሒሳቡ ቴክ ጋይር ፓጄላ፣ 4 ከመቶ አድጎ። አሃዝ ሁሉ ፓጄላ። ቀመር ውስጥ ያለ አማርኛ 88 ከመቶ። ከስኮላ ጋር እስከ መጨረሻው አመነታሁ፣ እና ለፍርድ ሁለቱንም ይዤ ወጣሁ። ላቲን ሞደርንንም ጨመርኩ፣ ይቀጣ ብዬ።

ከአራት ኪሎ በራስ መኮንን ድልድይ አድርጌ በእግሬ ወደ ፒያሳ ሄድኩ። የማውቃቸው ኮፒ ቤቶች ከኮሪደር ልማቱ በኋላ ቦታ ስለቀየሩ ፈልጌ ነው ያገኘሁት። ሆን ብዬ የተጎሳቆለ ማሽን ያለበትን መረጥኩ። ለልጅቷ ሦስቱን ገጽ ሰጠኋት።

«ኮፒ አድርጊልኝ። ከዚያ ኮፒውን ኮፒ አድርጊ። ከዚያ እሱንም።»

አየችኝ። «ወንድሜ፣ ኦሪጅናሉ እኮ እጅህ ላይ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ቀለም ላድርገው እንዴ? ፈዘዝ ይላል።»

«አይ፣ ይፍዘዝ።»

ምንም አላለችም፣ ግን ከጎኗ ያለችውን ጓደኛዋን አየት አደረገቻት። ክፍያውን ቀድማ ተቀበለችኝ።

አጠገቡ ካለ ካፌ ማኪያቶ አዝዤ ወረቀቶቹን ዘረጋሁ። ገጹ ላይ 41 የመቀነስ ምልክት አለ። ሦስተኛው ኮፒ ላይ በእርሳስ እየነካሁ ቆጠርኩ። ላቲን ሞደርን 23። ስኮላ 41። ፓጄላ 40። የጠፋችው አንዷ የአርቢ አርቢ ላይ ያለች ናት፣ በትንሿ መጠን።

አንድ ምልክት። መጀመሪያ «በአንድ ምን ይሆናል» አልኩ። ከዚያ 4ኛው ጥያቄ ትዝ አለኝ፤ እሱም አንድ ነበር።

ማኪያቶዬ ሳይቀዘቅዝ ለጋሼ ደወልኩ። የአርቢ አርቢ ያለው መልመጃ በመጽሐፉ ስንት ቦታ እንዳለ ጠየቅኋቸው። «ሦስት» አሉ። እነዚያን ሦስቱን ቀመሮች ለብቻ መስመር ሰጥቼ፣ በተለቀ መጠን አወጣቸዋለሁ። ለሌላው ሁሉ ፓጄላ ይበቃል።

«እርግጠኛ ነህ?» አሉ።

«አርብ ማታ አዲሱን ገጽ አመጣልዎታለሁ። አንዱን ልጅ ሦስቴ ያስኮፒዩት።»

ቀጣዩ ምዕራፍ ማትሪክስ ነው። ትልልቅ ቅንፎች።